በወይን የታጠበው ጥርስ

ሰው ከሚወደው ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው በሩን ዘግቶ ደጋግሞ ያነባል። ቫያ ግን የፖስተኛውን ሞተር በሰማች ቁጥር የምትፈልገው መደበቂያ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ ረፋዱ ላይ ያ የተረገመ ሞተር ዳገቱን ሲያጓራ፣ እጇ ላይ ያለውን ሁሉ ጥላ ወደ ዶሮ ቤቱ ትሮጣለች። ዶሮዎቹም ለምደዋት መንጫጫቱን ትተውታል። ደብዳቤውን የምትቀበለው አክስቷ አሲሚና ናት፤ ተቀብላ ዳቦ ማስቀመጫው ላይ ታኖረዋለች እንጂ ከማን ነው ብላ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ከማን እንደሆነማ የአሙዴሮ መንደር በሙሉ ያውቃል።

ሰባተኛው ደብዳቤ የመጣው፣ ከአሸዋው የወጡት አጥንቶች በአሮጌው ትምህርት ቤት ለሕዝብ ከሚታዩበት ምርቃት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ዓርብ ዕለት ነበር። ቫያ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ቁጢጥ ብላ አነበበችው።

«ቫያ፣ ስድስት ጊዜ ጽፌልሽ ስድስት ጊዜ ዝም አልሽኝ። አልፈርድብሽም። ሦስት ሚሊዮን ዓመት አሸዋ ውስጥ በሰላም የኖረን ነገር በአንድ ቀትር ያበላሸ ሰው ምን መልስ ይገባዋል? ጆንያውን ውሃ አጠጥቼው የሄድኩ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ራሴን አላምነውም። ያን ቀን ጠዋት ሰላም ሳትዪኝ ስላለፍሽ ልቤ አንቺ ጋ ነበር። እሑድ ለምርቃቱ እመጣለሁ፣ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ማየት ካልፈለግሽ አትዪኝ። ሰኞ ትምህርቱን ትቼ እናቴ መድኃኒት ቤት እገባለሁ። አራት ዓመት የደከምኩበት ጥያቄ ያለዚያች ጥርስ መልስ የለውም። ይቅር በዪኝ። ኦሬስቲስ።»

ይቅር በዪኝ ይላታል፤ እሷን! ቫያ ወረቀቱን አጣጥፋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ጥርሱን ያበላሸው ኦሬስቲስ አልነበረም፣ ይህንንም በዓለም ላይ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። እሑድ ካለፈ ደግሞ ብትናገርም ባትናገርም ያው ነው፤ እሱ አንዴ ነጭ ጋውን ለብሶ የሳል ሽሮፕ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

ነገሩ የጀመረው በፀደይ ነው። ከመንደራችን በታች ካለው የአሸዋ ጉድጓድ አሸዋ የሚዝቅ መኪና ከአንድ ረጅም ነገር ጋር ተጋጨ። ሰዎቹ የድልድይ ምሰሶ መሰላቸው። አባ ስቴርዮስ ግን ጎንበስ ብለው አይተው፣ ይህ የፍጡር ነገር ነው፣ ማንም እንዳይነካው አሉ። ከተሰሎንቄ ፕሮፌሰር ካሊዮፒ አራት ተማሪዎቿን አስከትላ መጣች፤ ምሰሶው አምስት ሜትር የሚደርስ የዝሆን ዘመድ ጥርስ ሆኖ ተገኘ። ሙሉ ሐምሌን ቆፈሩ፤ የጥርሱም ጥንድ ከአጠገቡ ወጣ። ምግብ የምታበስልላቸው ሰው ሲፈልጉ ቫያ ተቀጠረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ሞታለች፣ አባቷ ጀርመን ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር ይዟል፤ ያላት አክስቷ ብቻ ናት።

ከተማሪዎቹ አንዱ ኦሬስቲስ ነው። አጥንት ሲጠርግ እስትንፋሱን የሚይዝ፣ ሳህን ሲያጥብ የሚሰብር ልጅ ነው። የከተማ ሀብታሞች ልጅ መሆኑን ማንም ሳይነግራት ከጫማው አውቃዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሾርባውን ቀድታለት ዞር ትላለች እንጂ ዓይኑን አታይም ነበር። አንድ ቀን ለፒታ፣ አይብ ለሚታጠፍበት ስስ ቂጣ፣ ሊጥ ስትዳምጥ መጥቶ አጠገቧ ቆመና፣ ጣውላው ላይ በተበተነው ዱቄት በጣቱ ሥዕል ይሥል ጀመር። መጀመሪያ አሳማ የምታክል፣ ግብፅ ረግረግ ውስጥ የምትንቦራጨቅ፣ ኩምቢ የሌላት እንስሳ ሣለ። ይህቺ የሁሉም ቅድመ አያት ዘመድ ናት አላት። ቀጥሎ አራት ጥርስ ያላቸውን፣ ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች፤ ከዚያ ጥርሷ እንደ መቆፈሪያ ወደ መሬት የታጠፈውን፣ ከዚያ በደሴት ላይ ተረስታ ጥጃ ያከለችውን፣ ከዚያ ጸጉራሟን የበረዶ አገር ዝሆን። ቫያም ሊጡን እየገለበጠች፣ ይህ ሁሉ የዘር ሐረግ ለአንድ ጥርስ ነው? የኛ መንደር ሰው እንኳ ሙሽራ ሲመርጥ ይህን ያህል አያጣራም አለችው። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ዱቄቱ አፍንጫው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳህን ለማድረቅ የማይቀር ሆነ። ሳህኑን ስታቀብለው ጣታቸው ይነካካል፤ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ያያሉ፣ መስኮቱ ላይ ግን ምንም የሚታይ ነገር የለም። በወሩ አጋማሽ ከወንዙ ዳር እጇን ያዘና መስከረም ላይ እናቱ ዘንድ እንደሚወስዳት ነገራት። ቫያ ያን ዕለት ቤቷ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እንዲህ ዓይነት ደስታ ለእሷ የተጻፈ አይመስላትም ነበር።

በዚያው ሰሞን ከአሸዋው የአንዲት ወጣት እንስሳ መንጋጋ ወጣ። የኋላ ጥርሶቿ ገና አልወጡም ነበርና ቆፋሪዎቹ «ልጅቷ» አሏት። ከመንጋጋዋ ፊት የተላቀቀች፣ ከክንድ ያጠረች የታችኛ ጥርስ ተገኘች። ኦሬስቲስ ያን ዕለት ምግብ መብላት አቃተው። አራት ዓመት የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ የላይኛው ጥርስ እየረዘመ የታችኛው እያጠረ ሲሄድ፣ ያቺ ያጠረችው ጥርስ ሥራ ነበራት ወይስ እንዲሁ የቀረች ትርፍ ነገር ነበረች? መልሱ ጫፏ ላይ ነው። ከሠራችበት ታልቃለች፣ ትጫጫራለች። በጀሶ ተሸፍና ተሰሎንቄ እስክትሄድ በርጥብ ጆንያ ተጠቅልላ፣ ጆንያው በየሰዓቱ ውሃ እየጠጣ ትጠበቅ ነበር። ለብዙ ዘመን እርጥበት ውስጥ የኖረ ጥርስ በድንገት ከደረቀ ይፈርሳል።

የኦሬስቲስ እናት ወይዘሮ ኢፊጌንያ የመጣችው በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። ገበታው ከዋርካው ጥላ ሥር ተዘርግቷል። ቫያ ጠዋት የጋገረችውን ፒታ ይዛ ስትመጣ ኦሬስቲስ ብድግ ብሎ ሳህኑን ከእጇ ተቀበላት፤ አቀባበሉ የተማሪ አልነበረም። እናቱ ቀና ብላ፣ ይህቺ ማን ናት ብላ ጠየቀች።

ኦሬስቲስ ቀላ። ፕሮፌሰሯን አየ፣ ጓደኞቹን አየ።

«ምግብ ታበስልልናለች፣ እማማ።»

ወይዘሮ ኢፊጌንያ የቫያን እጅ ትኩር ብላ አየች። ሊጥ ጥፍሯ ሥር ቀርቷል፣ አውራ ጣቷ ላይ የቃጠሎ ምልክት አለ። ከዚያ በትሕትና «እጅሽ ይባረክ» አለች። ያ ትሕትና ከስድብ ይልቅ አቃጠላት። ቫያ ሳህን ሰበሰበች፣ አጠበች፣ ቤቷ ሄደች፤ የተሰማት ንዴት አይደለም፣ እፍረት ነው። በእጇ አፈረች። በእጇ ስላፈረችም በራሷ አፈረች።

እንግዲህ በእኛ አገር የሞተ ሰው ሦስት ዓመት ሲሞላው አጽሙ ይወጣል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ አጽሙ በቀይ ወይን ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ፀሐይ ሞቆ፣ ስሙ በተጻፈበት ሳጥን ይገባል። ሁሉም ሰው እጅ የለውም ለዚህ ሥራ። በአሙዴሮ የሚያጥቡት አሲሚናና እሷ ያሰለጠነቻት ቫያ ናቸው። የእናቷን አጽም አምና ያጠበችው ቫያ ራሷ ናት፤ ራስ ቅሏን ስትስም እጇ አልተንቀጠቀጠም። ሰኞ ጠዋት ኦሬስቲስን ሰላም ሳትለው አልፋ ድስቷን ስትጥድ፣ ይህ እጅ ምግብ ብቻ አይደለም የሚያውቀው የሚል ሐሳብ መጣባት። ልጅቷ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ተቀብራ አንድም ሰው አላጠባት። ንጹሕ አድርጌ፣ ነጭ አድርጌ ባስረክበው ማን እንደሆንኩ ያያል፣ እናቱም ትሰማለች ብላ አሰበች። ምን ቅብጥ እንዳደረጋት እግዜር ይወቅ።

በቀትር መንደሩ ሁሉ ይተኛል፣ ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስም። ቫያ ሳፋ፣ ነጭ ጨርቅና አንድ ማሰሮ ወይን ይዛ ወደ አሸዋው ወረደች። ጆንያው ርጥብ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ታስታውሳለች፣ ውሃው እጇን አቀዝቅዟታል። ጥርሷን አወጣች፣ እንደ እናቷ አጽም በቀስታ በወይን አጠበቻት፣ በነጩ ጨርቅ ላይ ፀሐይ ላይ አስተኛቻት፣ ለሙታን የሚባለውን ጸሎት ዝቅ ባለ ድምፅ አለችላት። ጸሎቱን ሳትጨርስ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። ከዚያ ሌላ። ጥርሷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ተላቀቀች፤ ቫያ ልትይዛት ስትሞክር ጭራሽ እጇ ላይ ተበተነች።

እዚህ ድረስ ያለው አለማወቅ ነው፤ ይቅር የማይለው አይኖርም። ቀጥሎ ያደረገችው ነው ሦስት ወር እንቅልፍ የነሳት። ውስጥ ውስጡ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ውጪውና ጫፉ ግን ወይን ጠጥቶ ሐምራዊ ሆኗል። ነጫጩን ስብርባሪ ለቅማ ወደ ጆንያው መለሰች። ሐምራዊውን፣ የሚያጋልጣትን፣ በጨርቁ ጠቅልላ ሽርጧ ውስጥ ደብቃ ሄደች። ጆንያውንም ውሃ ማጠጣቱ ተረስቶ የደረቀ እንዲመስል ፀሐይ ላይ ዘርግታ አድርቃዋለች።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኦሬስቲስ ከፈተው። ፕሮፌሰሯ ማን ነበር ተረኛ ብላ ጠየቀች። እሱም ትንሽ አሰበና፣ እኔ ነበርኩ፣ ሳልረሳው አልቀርም አለ። ቫያ የአደንጓሬ ሾርባ ድስቱን እንደያዘች ቆማ ነበር። እሱ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድም ድስት ነበር የምታጥበው።

ቅዳሜ ከሰዓት አሲሚና የልብስ ሣጥኗን ስታገላብጥ ዋለች። ከዚያ ወጥ ቤት መጥታ ከቫያ ፊት ለፊት ተቀመጠችና አንድ ነጭ ጨርቅ እንደጎደላት ነገረቻት፤ የቫያን እናት ያስተኙበት ጨርቅ። ከሐምሌ ጀምሮ እንደጎደለ አውቃለች፣ አንድ ማሰሮ ወይንም አብሮ እንደጎደለ አውቃለች፤ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው የጠበቅኩት አለች። ቫያ መካድ አልቻለችም። ተነሥታ ጨርቁን ከፍራሿ ሥር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት።

አሲሚና ልጅቷን ስለማጠቧ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ስንት ዘመን ሳይታጠብ የኖረ አጽም ነው ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ጨርቁን ገልጣ ሐምራዊዎቹን ስብርባሪዎች ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ከእኔ ጋር ስንት ሰው አጠብሽ፣ ቫያ?»

«አሥራ አንድ።»

«ከአሥራ አንዱ ከሳጥን ውጪ ያስቀረነው አጥንት አለ? የትንሿ ጣት እንኳ?»

ቫያ አንገቷን ደፋች። የሽማግሌውን የባርባ ኮስታን አንድ የእግር ጣት አጥንት ፍለጋ ሁለቱ ግማሽ ቀን አፈር በወንፊት ሲነፉ መዋላቸውን አስታወሰች። እስካሁን ያፈረችው በኦሬስቲስና በእናቱ ፊት ነበር። አሁን ግን በገዛ ሥራዋ ፊት አፈረች፣ ያም ከሁሉ ባሰ። አጽም ከፍላ ደብቃለች። ይህን በአሙዴሮ ያደረገ ሰው የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ በሙሉ አሮጌው ትምህርት ቤት ገባ። ተማሪ ካጣ ስምንት ዓመት የሆነው ክፍል ኖራ ተቀብቶ፣ በመሐሉ ሁለቱ ታላላቅ ጥርሶች እንደ ቤት ወጋግራ ተጋድመዋል። በስተግራ፣ በመስታወት ሥር፣ የልጅቷ መንጋጋ አለ፤ ከፊቱ ባዶ ጉድጓድ። ከጎኑ በጽሕፈት መኪና የተጻፈች ካርድ አለች፤ «የታችኛው ጥርስ በቁፋሮው ወቅት በአንድ ተማሪ ቸልተኝነት ተሰባብሯል» ትላለች። ቫያ የአረቄ ብርጭቆዎች የሞሉበት ትሪ ይዛ ካርዷን አነበበች።

በሩ አጠገብ ቆሟል። ከስቷል፣ ጸጉሩን ተቆርጧል፣ አጠገቡ እናቱ ግራጫ ካፖርት ለብሳ ቆማለች። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ እሱ፣ ደብዳቤው ላይ ቃል የገባ ይመስል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። የሚያፍረው እሱ ነው!

ፕሮፌሰሯ ንግግር አደረገች። አሳማ ከምታክለው የረግረግ እንስሳ ተነሥታ፣ ባለ አራት ጥርሶቹን አልፋ፣ እዚህ ጋ ደረሰች። የታችኛው ጥርስ ለምን ቀረ የሚለውን ጥያቄ በዚህች መንጋጋ እንመልሳለን ብለን ተስፋ አድርገን ነበር፣ ሆኖም አልተሳካም ብላ ወደ ባዶው ጉድጓድ አመለከተች። ጥቂት ሰዎች ዞረው በሩ አጠገብ ያለውን ልጅ አዩት።

ቫያ ትሪውን አሮጌ የተማሪ ዴስክ ላይ አስቀመጠች።

«ፕሮፌሰር፣ ቸልተኛው እሱ አይደለም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

የቡና ቤቱ ቶማስ ከኋላ፣ ምን አደረግሽው፣ ሾርባ ውስጥ ጨመርሽው እንዴ ብሎ ጠየቀና ሰው ሳቀ። ቫያ አልሳቀችም። ከሽርጧ ነጩን ጨርቅ አውጥታ መስታወቱ ላይ ዘረጋችው። ሐምራዊዎቹ ስብርባሪዎች፣ ጣት የምታክለውም ጫፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት ታዩ። ሣቁ ቆመ። ከዚያ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ ቀትሩን፣ ማሰሮውን፣ ጸሎቱን፣ ያንን ጠቅ የሚል ድምፅ ተናገረች። ጆንያው ርጥብ እንደነበር፣ ኦሬስቲስ ውሃውን እንዳልረሳ፣ ያደረቀችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። ፊቷ ይቃጠላል፣ ግን አልተቀመጠችም።

«ማጠቤ ባለማወቅ ነው» አለች በመጨረሻ። «መደበቄ ግን አውቄ ነው። እሱ ጥፋቱን ሲወስድ አጠገቡ ቆሜ ነበር።»

አሲሚና ከፊት ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል። ቫያ ወደ በሩ ዞረች። ኦሬስቲስ የለም። ወጥቷል።

ይህን ነበር የምትፈራው፤ እውነቱን ሲሰማ ጀርባውን እንዲሰጣት። ፕሮፌሰር ካሊዮፒ ግን አጉሊ መነጽሯን አውጥታ የልጅቷ ጥርስ ጫፍ ላይ አጎንብሳ ነበር። ረጅም ጊዜ አጎነበሰች። ከዚያ ጫፏን ከነጨርቁ ጠቅልላ፣ ከመነጽሩ ጋር በቫያ መዳፍ ላይ አደረገችው።

«ተከተይው» አለቻት። «ይህን ማየት ያለበት እሱ ነው።»

ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቀና ብሎ አላያትም። አጠገቡ መቀመጥ ድፍረት መስሎ ስለታያት ቆማ ጨርቁን ዘረጋችለት። ኦሬስቲስ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ፣ ጫፏን ወደ ፀሐይ አዞረ፣ መለሰ፣ እንደገና አዞረ። እስትንፋሱን ይዞ ነበር።

«ሠርታበታለች» አለ። «እይው፣ ጫፉ ተበልቷል። ወይኑ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ አንድ በአንድ አሳይቶታል። የዛፍ ልጣጭ ስትልጥበት፣ ሥር ስትቆፍርበት ኖራለች። ትርፍ አልነበረችም፣ ቫያ።»

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እንባውን ሳይጠርግ ፊቱ ጠቆረ። ሦስት ወር ሙሉ ራሱን እንደ ሌባ ሲያይ እንደከረመ ነገራት። ሌሊት ተነሥቶ ጆንያውን በሐሳቡ ውሃ ያጠጣ እንደነበር፣ የገዛ እጁን ማመን እንዳቃተው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ሰባት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ሰባቱንም አንብበሻል?»

«ሁሉንም።»

«ሰባት ጊዜ ይቅርታ ስለምንሽ ምን ይሰማሽ ነበር?»

«አፍር ነበር» አለች። «ዶሮ ቤት ገብቼ ነበር የማነባቸው። ግን በእያንዳንዱ አንድ ነገር እፈልግበት ነበር፣ አንድም ጊዜ አላገኘሁትም።»

ምን እንደሆነ ጠየቃት። ቫያ ልትተወው አሰበች። ዛሬ እሷ ጥፋተኛ የሆነችበት ቀን ነው፣ በምን አፏ ትናገራለች? ቃሉ ግን ከሐምሌ ጀምሮ ሲጠብቃት ከርሟል።

«ላልሠራኸው ጥፋት ሰባት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅከኝ። ለሠራኸው አንድም ጊዜ።»

ኦሬስቲስ ምን ማለትሽ ነው አላለም። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። የዋርካው ጥላ፣ የፒታው ሳህን፣ «ምግብ ታበስልልናለች» ያለበት ድምፅ፣ ሁሉም በፊቱ ላይ አለፉ፤ ቫያ አንድ በአንድ አየቻቸው። በየደብዳቤው እንደጻፈውና ያንን ገጽ ብቻ እየቀደደ እንደጣለው ቀስ ብሎ ነገራት።

«በጥርሷ ማፈር ይቀለኝ ነበር» አለ። «በዚያኛው ሳፍር ራሴን ማየት አልችልም።»

ኮቴ ሰሙ። ወይዘሮ ኢፊጌንያ ደረጃው ራስ ላይ ቆማለች። ኦሬስቲስ ብድግ አለ፣ ጨርቁንም በጥንቃቄ ለቫያ መለሰላት።

«እማማ፣ ያን እሑድ ማን ናት ብለሽ ስትጠይቂኝ የመለስኩልሽ ውሸት ነው።»

«አውቄያለሁ» አለች እናቱ። «ሳህኑን ከእጇ ስትቀበል አይቼህ የለ እንዴ? የጠየቅኩህ ምን እንደምትል ልስማ ብዬ ነው። እጅሽ ይባረክ ያልኳትም በአንተ አፍሬ፣ ሌላ የምላት ቢጠፋኝ ነው።» ከዚያ ወደ ቫያ ዞረች። «አንቺን ገና አላውቅሽም። ዛሬ ያደረግሽውን ግን እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር።»

ይህን ብላ ተመልሳ ገባች። ቫያ ሦስት ወር ሙሉ ስድብ ነው ብላ የተሸከመችው ቃል ስድብ አልነበረም፤ በዚያ ስድብ አፍራ ነበር ማሰሮ ይዛ የወረደችው። ምን ይባላል? ሁሉም በየፊናው ሲያፍር ከርሟል። ኦሬስቲስ እጁን ዘረጋላት። ቫያ አየችው እንጂ አልያዘችውም። ሰው አረቄ እየጠበቀ ነው አለችና ወደ ውስጥ ገባች፤ ገና ዓይኑን ደህና አድርጋ ማየት አልቻለችም ነበር።

ውስጥ ፕሮፌሰሯ ካርዷን ነቅላ ሌላ ባዶ ካርድና እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀቻት። ሐቁን የሚያውቅ ሰው ይጻፈው አለች። ቫያ መንደሩ ሁሉ እያያት፣ በትምህርት ቤት ፊደሏ፣ ቀስ ብላ ጻፈች፤ «የታችኛው ጥርስ። በመንደሩ ልማድ በወይን ታጥቦ ተሰባብሯል። ያጠበችውም የደበቀችውም የአሲሚና የእህት ልጅ ቫያ ናት።» አሲሚና መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና፣ አሁን ሳጥኑ ሞላ አለች።

ትሪዋን አንሥታ አረቄ ስታዞር ኦሬስቲስ ወደ መስታወቱ ሲጠጋ አየችው። ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ከካርዷ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረ። ቶማስ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «የካዳት ኦሬስቲስ ነው።» ፕሮፌሰሯ፣ ይህ ከጥርሱ ጋር ምን አገናኘው ብላ ተቆጣች። ሰኞ ጠዋትም ያቺን መስመር በመቀስ ቆርጣ ጣለቻት።

ኦሬስቲስ እሑድ ማታውኑ ወደ ተሰሎንቄ፣ ወደ ትምህርቱ ተመልሶ ነበር፤ ቫያ ክፍሉን ስትጠርግ መስመሯን ከወለሉ ላይ አገኘቻት። ጣት የማታክል ቁራጭ ወረቀት ናት። ዶሮ ቤት አልገባችም። ደረጃው ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ደጋግማ አነበበቻት፣ ቤቷም ወስዳ ከሰባቱ ደብዳቤዎች በላይ አኖረቻት። ሰባቱን መልስ ነፍጋቸው ነበር። ለዚህች ለአንዲት መስመር ግን በማግስቱ ማክሰኞ ፖስተኛውን ራሷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። የላከችውም ከአንድ መስመር አልበለጠም።

«እኔም አፍሬያለሁ፤ ና።»